ሁሉም ደህና ነው ሲሉኝ

የአገሬ ሰው ባሕር ማዶ ላለ ዘመዱ በስልክ እውነቱን የሚናገረው ሁለት ጊዜ ብቻ ይመስለኛል፤ ልጅ ሲወለድና ዕቃ ግዛልኝ ብሎ ሲያዝ። ከዚያ በተረፈ ሁሉም ደህና ነው። ጣሪያው ቢያፈስ ደህና ነው። አጎታችሁ ከተቀበሩ አርባቸው ቢወጣም «ትንሽ ጉንፋን ቢጤ ይዟቸው ነው እንጂ ደህና ናቸው»። መርዶ በስልክ አይነገርማ! ሰውዬው በሰላም ይመለሳል፣ ሻንጣውን ያስቀምጣል፣ አንድ ሌሊት እንቅልፉን ይጠግባል፤ ከዚያ ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌዎች በሩን ያንኳኳሉ። ይህን ሥርዓት ሁላችንም ስለምናውቀው፣ ከአገር በወጣን ማግስት «ደህና ነን» የሚሉ ሰዎች ያስደነግጡናል። እናንተንም ሳያስደነግጧችሁ አልቀሩም።

ባለፈው ሐምሌ መሥሪያ ቤታችን እኔንና ደረጀን ለሥልጠና ወደ ስዊዘርላንድ ልኮን ነበር። ደረጀ የሥራ ባልደረባዬ ብቻ አይደለም። ልደታ፣ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር አብረን ያደግን፣ እናቴና አባቱ እስከዚያ ቀን ድረስ አጥር የሚጋሩ፣ የአንድ እድር ሰዎች ነን። ሥልጠናው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው የዕረፍት ቀን ሰጡንና በባቡር ወደ አንዲት የተራራ ላይ መዝናኛ ከተማ ወጣን። ስሟን ልነግራችሁ ብሞክር ምላሴ ይሰበራል።

ቤቱ ሁሉ እንጨት፣ መስኮቱ ሁሉ አበባ፣ ሰዉ ሁሉ ሥራ ፈት የሆነባት ከተማ ናት። መንገዱ ላይ ማንም አይቸኩልም። እኛ ሰፈር እንዲያ ቀስ ብሎ የሚራመድ ሰው ብታዩ፣ ፍርድ ቤት ቀጠሮው የተራዘመበት ባለጉዳይ መሆን አለበት። እኛም እንደ አገሬው እጃችንን ወደ ኋላ አጣምረን ስንንጎራደድ አረፈድን። ደረጀን የማረከው ግን ተራራውም አበባውም አልነበረም፤ ላሞቹ ነበሩ። አባቱ ጋሽ ሽፈራው ሰንጋ ተራ የእውነት የሰንጋ ተራ በነበረበት ዘመን የከብት ደላላ ነበሩ። ደረጀ አጥር በታየው ቁጥር እየቆመ፣ አንገቷ ላይ ድስት የሚያክል ደወል ያንጠለጠለችውን ሁሉ ፎቶ ያነሳል። «አባባ ይችን ሲያዩ ምን ይሉ ይሆን?» ይለኛል። የእሱ ስልክ የሚሠራው ዋይፋይ ሲያገኝ ብቻ ስለሆነ ፎቶዎቹን የሚልከው ማታ ሆቴል ስንገባ ነው። የአገሩን ሲም ካርድ የገዛሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ከሰዓት በኋላ በገመድ በሚንሸራተተው መኪና ወደ ጫፉ ልንወጣ ስንል ለእናቴ ደወልኩ። በረዶውን በቪዲዮ ላሳያት አስቤ ነበር። አታነሳም። ደግሜ ደወልኩ፤ አታነሳም። ባለቤቴ ሰናይት ጋ ስደውል ከኋላዋ የብዙ ሰው ድምፅ ተሰማኝና ወዲያው እልም አለ፤ በር የተዘጋ ይመስላል።

እማዬ የት ናት አልኳት። ቤተ ክርስቲያን አለችኝ። የልደታ ቀን ካለፈ ሰንብቷል፣ ሰዓቱም የቅዳሴ አይደለም። ስልኳስ? ቻርጅ ላይ ነው። ይሁን ብዬ፣ ለአንቺ ምን ልግዛልሽ አልኳት። «ምንም አልፈልግም፤ አንተ ብቻ በሰላም ግባ» ብላ ዘጋችው።

ሰናይት እኮ ለአንድ ቀን ስብሰባ አዳማ ስሄድ እንኳ ባዶ እጄን እንድመጣ አትፈቅድልኝም። ከአውሮፓ ምንም አልፈልግም ካለች እናቴ ሞታለች።

ገመዱ ላይ ተንጠልጥለን ስንወጣ ከበታቻችን ያለው ገደል አላስፈራኝም፤ ይልቅ እናቴን ማን እንዳጠባት፣ ማን እንደገነዛት ነበር የማስበው። ደረጀ እጄን ይዞ ያጽናናኛል። እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር ለእሱ ይነግሩት እንደነበር፣ ምስጢር ለእኔ የሚሰጥ ሰው በሰፈራችን እንደሌለ፣ ፊቴ ሬዲዮ መሆኑን አስረዳኝ። ነገሩ እውነት ነው፤ ግን አላጽናናኝም። ጫፉ ላይ ስንደርስ ሁለት ሽማግሌ ባልና ሚስት ፎቶ እንዳነሳቸው ጠየቁኝ። አስተካክዬ ሳላይ ሳነሳቸው ከአንገት በላይ የተቆረጡ ይመስለኛል፤ አመስግነውኝ ሄዱ።

ከዚያ ንዴቱ መጣ። ሰውን እንደ ሕፃን ማታለል ምን የሚሉት ፍቅር ነው? ሌላው እርሙን እያወጣ እኔ በረዶ ላይ ጥርሴን እያሳየሁ ፎቶ ልነሳ? እኔ ብሆን፣ አልኩት ደረጀን፣ ፊት ለፊት ነው የምናገረው፤ ማርያምን፣ አንዲት ደቂቃ አላቆይም። ደረጀም ተስማማ። እሱም ቢሆን ወዲያው እንዲነገረው እንደሚፈልግ፣ መሸወድ እንደሚጠላ ነገረኝ።

ይሄኔ ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት።

«ምን ሆነህ ነው ሰው እንዲህ የምታስጨንቀው?» አለችኝ።

መሬቱ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ደረጀ በሳቅ ፈረሰ፤ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝና ከእናትህ ጋር አውራ ብሎ ሻይ ሊያመጣ ወደ ካፌው ሄደ። እናቴ ለቅሶዬ እስኪያልቅልኝ ጠበቀችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ደረጀ አጠገቤ እንዳለ ጠየቀችኝ። የለም አልኳት።

«ጋሽ ሽፈራው ዛሬ ጠዋት አረፉ። እነሱ ቤት ነው ያለሁት።»

የእድሩ ድንኳን ተተክሏል። ሰናይትም እዚያው ናት፤ ስልኩን ለደረጀ ያቀብለዋል ብላ ፈርታ ነበር ቶሎ የዘጋችብኝ። ቀብሩ ነገ ነው፤ ብንነግረውም አይደርስበትም። «አደራህን፣ አገሩ ይግባ። በሰው መሀል ይስማው» አለች እናቴ፣ ከዚያ ደግሞ እንደ መለመን ብላ «እስቲ ዛሬ እንኳ ፊትህን ጠብቅ» አለችኝ።

የእናቴ በሕይወት መኖር ደስታ ገና ከላዬ አልወረደም ነበር። ደረጀ ሁለት የወረቀት ኩባያ ይዞ፣ እንዳይደፋበት እየተጠነቀቀ፣ እየሳቀ ሲመጣ አየሁት። በዙሪያው ቀይና ሰማያዊ ጃኬት የለበሱ የማናውቃቸው ሰዎች፣ ከኋላቸው ገደል። እዚህ ቢወድቅ ማን ደግፎ ያነሳዋል? አብሮት ደረቱን የሚመታ ማን አለ? እኔ አንድ ሰው ነኝ፤ እኔ ለለቅሶ አልበቃም።

«እህሳ፣ እትዬ ምን አሉ?» አለኝ።

መሐላዬ አፌ ላይ ገና አልደረቀም። «ሁሉም ደህና ነው» አልኩት። ድምፄን ራሴ ሰማሁት፤ ቁርጥ የሰናይት ድምፅ ነው። አላርፍ ብዬም «አንተንም ሰላም ብላሃለች» ብዬ ጨመርኩበት።

ደረጀ ፊቴን አየው። ረዘም አድርጎ አየው። ከዚያ ኩባያውን አቀበለኝና «እሺ» አለ።

ስንወርድ ደረጀ ወሬ አላቋረጠም። ሐይቁን ያሳየኛል፣ ስለ አሠልጣኛችን ጫማ ይቀልዳል፣ ስለ ሜክሲኮ አደባባይ የታክሲ ሰልፍ ያወራል። ስለ ሁሉ ነገር ሲያወራ ስለ ቤቱ አንድም ነገር አልጠየቀኝም። ባቡሩ ውስጥ ገብተን እንደተቀመጥን መስኮቱ ላይ ዋይፋይ በነፃ መኖሩን የሚናገር ምልክት አየሁ፤ የለቅሶው መልእክት ሁሉ አሁን ሊገባለት ነው። እሱም ምልክቱን አየው። ስልኩን ከኪሱ አወጣ፤ ትንሽ እጁ ላይ ይዞት ቆየና አጥፍቶ ቦርሳው ሥር ከተተው።

ከዚያ ክንዴን ጨበጥ አድርጎ «አይዞህ» አለኝ።

እስከ አዲስ አበባ ድረስ ሁለታችንም ደህና ነበርን።