ታደለችን የተበቀልኩበት ምሽት

የፋብሪካው ጌታ የናዝሊን አባት በሐሰት አሳስሮ ንብረቱን ወሰደ፤ ታደለች ደግሞ እኔን በደለች። የመጀመሪያው በደል የተፈጸመው ቴሌቪዥን ውስጥ ነው፤ ሁለተኛው ጀሞ፣ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ። ናዝሊ አምስት መቶ ክፍል ቢፈጅባትም ልትበቀል ቆርጣ ተነስታለች። እኔ ግን ዓመት ከሁለት ወር ሙሉ፣ የበደለችኝን ሴት ደረጃ ላይ ባገኘኋት ቁጥር፣ ጀሪካኗን ይዛ እንድታልፍ ወደ ግድግዳው ስጠጋ ኖርኩ። በቀል ሰፊ ቤት ይፈልጋል። ናዝሊ የምታሴርበት ሳሎን ብቻውን የእኛን ሕንፃ ከነውሃ ታንከሩ ይውጣል። በአንድ ደረጃ የሚወጣና የሚወርድ ሰው ቂም ቢይዝ እንኳ "ይቅርታ፣ አሳልፊኝ" እያለ ነው።

እናንተም ይህን የውጭ አገር ድራማ እንደምታዩት አውቃለሁ። "እኔ እንኳ አላይም፣ ልጆቹ ሲከፍቱት ነው" የምትሉትን ለእንግዳ አቆዩት። እንከኑን ከጠየቃችሁኝ የምለው አላጣም። በዚያ አገር በር የሚያንኳኳ ሰው የለም። ሁሉም ምሥጢሩን የሚያወራው በሩን ገርበብ አድርጎ ነው፤ ከበሩ ጀርባ ደግሞ አንዲት ሥራ ፈት አክስት አትጠፋም። ናዝሊ ሙሉ ሜካፗን እንደተቀባች ትተኛለች፣ ሙሉ ሜካፗን እንደተቀባች ትነሳለች። ፊቷን በቀዶ ሕክምና አስቀይራ ስትመለስ የገዛ እጮኛዋ አላወቃትም፤ እኔ አካሄዷን አይቼ በሁለት ደቂቃ አወቅኋት። ተዋናዮቹን በአማርኛ የሚያናግሩት ሰዎች ጥቂት ስለሆኑ መሰለኝ፣ አባትየውና ጠላቱ በአንድ ድምፅ ይሰዳደባሉ፤ አፋቸውን ከዘጉ በኋላም ስድቡ ይቀጥላል። ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ ያስተማረኝ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የለቀምኩት ነው፤ ቢሆንም ታሪክ ሲያነክስ አይጠፋኝም። ይህኛው ማነከስ ብቻ ሳይሆን በእንብርክኩ ይሄዳል። ሽጉጥ ተመዞ እስኪተኮስ ሦስት ቀን ይፈጃል።

አንድም ቀን አምልጦኝ አያውቅም።

ለምን ብትሉ፣ እዚያ ድራማ ውስጥ የበደለ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ፊት ለፊት ይቆምና ሥራው አንድ በአንድ ይነገረዋል፤ ከጀርባው ሙዚቃ እየተለቀቀለት። እኛ ጋ ማን ምን ይነገረዋል? "እንዴት ዋልሽ?" "ይመስገን" ተባብለን፣ ልባችንን የሚበላውን ነገር እንደያዝን በየበራችን እንገባለን።

የታደለች በር ከእኔ በር ትይዩ ነው። የሆሳዕና ልጅ ናት፣ ጴንጤ ናት፤ ፓስተሯ እንዲህ ያለ ድራማ መንፈስ ያቆሽሻል ብለው ካስተማሩ ወዲህ ድምፁን ቀንሳ ነው የምታየው። ስምንት ዓመት ይህንንም ከእሱ በፊት የነበሩትንም አብረን አየን፤ አንድ ቀን እኔ ቤት፣ አንድ ቀን እሷ ቤት። እናቴ ደብረ ብርሃን ባረፈች ዕለት፣ እኔ ገና ሳልሰማ፣ ታደለች ማታ ወጥ ይዛ መጣች። ብዪ ብዪ አለችኝ፤ በላሁ። የፋብሪካው ጌታ ከፈረስ ላይ ሲወድቅ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። እሷም ሳቀች። ንጋት ላይ በሬ ተንኳኳ። ወንድሞቼ፣ የእድር ሰዎች፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች፤ ከመካከላቸው ታደለች። መርዶ ነበር።

ደንቡ አይጠፋኝም። የሩቅ ሰው ሞት የሚረዳው ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ ነው። ማታውን አንድ የቅርብ ሰው አጠገቡ ሆኖ ወሬ እንዳይሰማ ይጠብቀዋል፣ እህል ያቀምሰዋል፤ ከነጋ በኋላ ለስንት ቀን እህል በጉሮሮው እንደማይወርድ ስለሚታወቅ። እኔም ለስንት ሰው መርዶ ነጋሪ ሆኜ ሄጃለሁ። ግን ደንብ በሌላ ሰው ቤት ሲሆን ነው ደንብ የሚመስለው። እናቴ ሞታ ስስቅ የታየሁት እኔ ነኝ፤ ያየችኝ ደግሞ እሷ ናት። ሐዘኑ ካለፈ በኋላ ኮሪደሩ ላይ ያዝኳት።

"እያወቅሽ ነው አብረሽኝ የሳቅሽው?"

"ምን ላድርግ ሙሌ፣ አደራ ተሰጥቶኝ ነው።"

"እኔ ብሆን እነግርሽ ነበር" ብዬ በሬን ዘጋሁ። እንደ ናዝሊ አድርጌ ልዘጋው ነበር፤ የኮንዶሚኒየም በር ግን እርጥበት ሲያገኘው ያብጣል፤ ሁለት ጊዜ በትከሻዬ መግፋት ነበረብኝ።

ከዚያ ወዲያ ድራማውን ለየብቻችን አየን። እሷ ድምፅ ስትቀንስ እኔ እጨምር ነበር፤ ቢያንስ በደንብ ትስማው ብዬ ነው። ቂም ማለት ይኸው ነው።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የእድራችን ዳኛ ጋሽ ደሳለኝ መጣ። ባርኔጣውን ሲያወልቅ ነገር እንዳለ ገባኝ።

"የታደለች አባት አርፈዋል" አለኝ። "ባሏ ዘመዶቹን ሊያሰባስብ ወጥቷል። ንጋት ላይ እናረዳታለን። እስከዚያ አንቺ ያዢልን።"

"ጋሽ ደሳለኝ፣ እኔና እሷ አንነጋገርም።"

"አውቃለሁ። ሕንፃው በሙሉ ያውቃል።"

"ታዲያ?"

"ታዲያ ዛሬ ተነጋገሩ" አለ፣ የተዘጋ ቧንቧ ክፈቱ እንደሚል ሰው። "እራቷን እንድትበላ አድርጊ። አደራ።"

አያችሁ? ናዝሊ ፊቷን አስቀይራ፣ ስሟን ቀይራ፣ ስንት ባሕር ተሻግራ ያላገኘችውን በቀል፣ ለእኔ የእድር ዳኛ ቤቴ ድረስ አመጣልኝ። አባቷ ሞቶ ስትስቅ ቁጭ ብዬ አያታለሁ። ከዚያ ንጋት ላይ ከሴቶቹ መካከል ቆሜ ዓይን ለዓይን እንተያያለን። ልዋሻችሁ አልችልም፤ ለአንድ ደቂቃ ያህል ደስ አለኝ። ከዚያ ተነስቼ ሽንኩርት መላጥ ጀመርኩ፤ የበቀል ወጥም ቢሆን ሽንኩርት ይፈልጋል።

ጋሽ ደሳለኝ ብልህ ሰው ነው፤ አንድ ነገር ግን አላሰበም። ዓመት ከሁለት ወር ያኮረፈች ጎረቤት በምሽት አንድ ሰዓት፣ ወጥ ይዛ፣ ፊቷን አለስልሳ ስታንኳኳ፣ ከዚያ በኋላ መርዶ ምን ያስፈልጋል?

ታደለች በሩን ከፍታ መጀመሪያ ፊቴን፣ ቀጥላ ሣህኑን አየች።

"ግቢ" አለች።

ገባሁ። ሶፋው ላይ የድሮ ቦታዬ ላይ ተቀመጥኩ። "ደውዬ ነበር፣ ስልክሽ አይሠራም" አልኩ፤ አልደወልኩም።

"ባሌ ስክሪኑን ላሰራልሽ ብሎ ወሰደው። አራት ወር ስለምነው የኖርኩትን ዛሬ ሳልጠይቀው።"

"ጎበዝ ባል ነው።"

"ይሁን" አለች።

ድራማው ተጀመረ። ከምሽት ሁሉ መርጦ፣ ናዝሊ ማንነቷን ለፋብሪካው ጌታ የምትገልጽበት ክፍል ነበር። ለዚህች ሰዓት ነበር አምስት መቶ ቀን ዓይናችንን ያፈሰስነው። ናዝሊ መስኮቱ ጋ ሄደች፤ ተመለሰች፤ ጓንቷን አወለቀች፤ እንደገና መስኮቱ ጋ ሄደች።

"ትንገረው እንጂ" አለች ታደለች። "ምን ታንዛዛዋለች።"

እኔ እንጀራውን ዘረጋሁ። እሷ አልቀረበችም። ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል፣

"ያን ማታ ካንቺ ቤት ወጥቼ የበላሁትን ሁሉ መታጠቢያ ቤት አስመለስኩት" አለች። "ልነግርሽ ሦስት ጊዜ አፌን ከፍቻለሁ። ስትስቂ ጊዜ፣ ይቺ የመጨረሻዋ ሳቋ ናት፣ ትጨርሳት ብዬ ተውኩ።"

ይህንን ዓመት ከሁለት ወር አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኋት፤ በሬን ስገፋ ነበር።

ናዝሊ በመጨረሻ መናገር ጀመረች። "እኔ የዚያ ሰው ልጅ ነኝ" አለች፤ ሙዚቃው መጣ፤ የፋብሪካው ጌታ ደረቱን ያዘ። ሁለታችንም አላየነውም። ታደለች ሪሞቱን አንስታ ድምፁን አጠፋችውና ወደ እኔ ዞረች።

"እኔ ብሆን እነግርሽ ነበር ብለሽኛል" አለች። "ይኸው ሆንሽ። ንገሪኝ ሙሌ፣ ማን ነው?"

ለዚህች ሴት ዓመት ከሁለት ወር ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ጥሩ ንግግር ነበር፤ ከናዝሊ ይሻላል፣ ያጥራልም። ፊቷን አየሁት። ማወቁን አውቃለች፤ የቀራት ስም ብቻ ነው። ስሙን ብነግራት ቃሌን ጠበቅሁ፣ አሸነፍኩ፤ ሣህኑ ግን እንደሞላ ይመለሳል፤ ነገ ደግሞ ድንኳን፣ ከነገ ወዲያ የሆሳዕና መንገድ። ብዋሻት ደግሞ ዓይኔን እያየች ነው። እንጀራውን ቆረስኩ፣ ወጡን ጠቅልዬ ወደ አፏ ያዝኩላትና፣

"ብዪ። ስትጨርሺ እነግርሻለሁ" አልኳት።