የታመመ ዝንጅብል ጥየቃ

ብምልላችሁም አታምኑኝም፤ እኛ በሶዶ በኩል፣ ዱቦ አጠገብ ያለን ሰዎች ዝንጅብላችንን የገደልነው በፍቅር ነው። የሌላውን አገር ሰብል አንበጣ ይበላዋል፣ ውርጭ ይመታዋል። የኛን የጨረሰው ጨዋነት ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል፤ እውነት ነው፣ ለሰው። ለዝንጅብል ግን፣ አሁን ሳስበው፣ የሩቁ ሳይሻል አይቀርም።

ነገሩ የሆነው ሁሉም ሞዴል አርሶ አደር ልሁን በሚልበት በዚያ በስብሰባው ዘመን ነው። ጎረቤቴ አንጁሎ ዝንጅብል አብቅሎ ነበር፤ አንዷን ሥር ለመሸከም ሁለት ጎረምሳ ያስፈልጋል ብላችሁ ያጋነንኩት ትንሽ ነው። ከሶዶ ከተማ የመጣ ነጋዴ አይቶ፣ «ይሄ ውጭ አገር ይሄዳል» አለው። አንጁሎ በዚህ ተስፋ አዲስ ቤት ጀመረ፤ ምሰሶው ቆመ፣ ጣሪያው በእንጨት ተዋቀረ፣ ቆርቆሮው ብቻ ዝንጅብሉ እስኪሸጥ ይጠብቃል።

የውጭዎቹ ግን ሕግ አላቸው፤ አገሮች ተሰብስበው የተስማሙበት። በሽታ ካለበት ማሳ የወጣ ዝንጅብል ድንበራቸውን አይረግጥም። ስለዚህ የግብርና ባለሙያው፣ ዲኤ የምንለው ልጅ፣ ሊያይ መጣ። ከማሳው ጥግ ጥቂት ቅጠል ቢጫ ሆኖ፣ ጠውልጎ አገኘ።

«ጋሽ አንጁሎ፣ ይሄ ታሟል። ጥጉን ነቅለን እናቃጥላለን፣ ሌላው ይተርፋል። እስክመለስ ሰው እንዳይገባ፤ በሽታው በጭቃ ነው የሚሄደው» ብሎት ወደ ወረዳ ሄደ። ወረዳው ስብሰባ ላይ ነበርና እዚያው ሰነበተ።

«ታሟል» የሚለው ወሬ ግን ከዲኤው ሞተር ሳይክል ቀድሞ መንደሩን ዞረ። የታመመ ሳይጠየቅ ይቀራል? ዝናብ ዘንቦ ነበር። እማማ ማርታ ቦይና፣ ጎደሬ የምትሉትን፣ ቀቅለው መጡ፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው ቅጠሉን ይዘው ጸለዩ፤ እኛም ተከተልን። ሥሩን እየነቀልን «ውይ፣ እንዴት ከሳ» እያልን ከእጅ ወደ እጅ አሳለፍነው። አንጁሎ ሊጠይቅ የመጣን ሰው ሂድ የሚልበት አፍ የለውም፤ እንዲያውም መቀመጫ አወጣ። ከዚያ ሁላችንም ጭቃችንን ይዘን፣ በየዝንጅብላችን መሃል አቋርጠን ቤታችን ገባን።

ዲኤው ሲመለስ የአንጁሎ ማሳ በሙሉ ተኝቷል፤ የኛም ማቀርቀር ጀምሯል።

«ሰው እንዳይገባ አላልኩም?»

«ሰው ያልከው እንግዳ መስሎን ነዋ፤ እኛ ጎረቤት ነን» አሉት እማማ ማርታ። «ደግሞ ያንን ሕግ ያወጡት ሰዎች ጎረቤት የላቸውም እንዴ?»

ልጁ ሞተሩን አስነሳ። ለጥያቄያቸው እኔ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁም። ሕጉም ልክ ነበር፣ እማማ ማርታም ልክ ነበሩ፤ መሃል ላይ ዝንጅብሉ ሞተ።

የነጋዴው መኪና ባዶውን ወደ ሶዶ ተመለሰ። አዲሱ ቤት አጥንቱን አግጥጦ ዝናብ ይደበድበዋል። በዚያ ሳልፍ የምቀልደው ይጠፋኛል።

አንጁሎ አዝኖ አሮጌው ጎጆው ውስጥ ገብቶ ቀረ ሲባል ታዲያ ዝም እንበል? ቦይናችንን ይዘን፣ እግራችን በጭቃ እንደተለወሰ፣ ደጁ ደረስን። ብቅ አለ። መጀመሪያ እግራችንን አየ፤ ቀጥሎ ክዳን አልባውን ቤት።

«እኔ ገና አልጠወለግሁም» አለ፤ «ከአጥር ውጭ ሆናችሁ ጠይቁኝ።»