የእትዬ መያዣ ሳሎን

አበዳሪ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ውል አስፈርሞ ይተኛል፤ ሌላው ዕቃውን ራሱን ቤቱ አስገብቶ የቤቱን ሰው እንቅልፍ ይነሳል። ክብርት እትዬ መያዣ ከሁለተኛዎቹ ናቸው። እንቅልፍ ያጡት ደግሞ ባለቤታቸው፣ ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሹፌር።

እትዬ ድሮ እንዲህ አልነበሩም። አንድ ጊዜ ለባለ ካፌ ሲያበድሩ ማቀዝቀዣውን በመያዣነት ተዋዋሉ። ማቀዝቀዣው ካፌው ውስጥ ቀረ፣ ውሉ እሳቸው ቁም ሳጥን ውስጥ ገባ። ሰውየው ሲከስር ባንክ መጥቶ ማቀዝቀዣውን ጫነው። ውላቸውን ይዘው መዝገብ ቤት ቢሮጡ ጸሐፊዋ፣ "እናቴ፣ ባንኩ አስመዝግቦታል፣ እርስዎ አላስመዘገቡም። ወይ ማስመዝገብ፣ ወይ ዕቃውን እጅዎ ማድረግ ነበረብዎ" አለቻቸው። መዝገብ ቤት ወረፋ አለ። ስለዚህ እጅን መረጡ። "እጄ ያልገባ የእኔ አይደለም" የሚሉት ከዚያ ወዲህ ነው።

የሰው ንብረት ሳሎኑን ሞላው። የፎቶ ኮፒ ማሽን መጣ፣ ጀነሬተር መጣ። የፀጉር አስተካካይ ወንበር መጥቶ ሹፌሩ ቴሌቪዥን ሊያዩበት ገና ከመልመዳቸው ባለቤቱ ከፍሎ ወሰደው።

"አንቺ ሴትዮ፣ እዚህ ቤት የኛ የሆነው የቱ ነው?"

"አንተ ነህ። ባስይዝህም የሚያበድረኝ የለም።"

ከሁሉ የባሰው የስፌት ማሽኑ ነው። ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ልብስ ሰፊ አስይዛው ተበደረች። ያለ ማሽን በምን ሠርታ ትክፈል? እትዬ መላ አላጡም። "እዚሁ እየመጣሽ ስፊ። ከዚህ ደጅ ከወጣ ግን መያዣነቱ ቀረ።" ሹፌሩ ሶፋው ላይ ጋደም ሲሉ ማሽኑ ይጀምራል። "ጋሼ፣ እግርዎን ትንሽ ሰብሰብ ያድርጉልኝ፣ ጨርቁን ላሳርፍ።" የዕዳውን ማለቅ እንደ ሹፌሩ የናፈቀ አልነበረም።

አንድ ቀን ጨርቅ ነጋዴው የፍርድ አስፈጻሚ አስከትሎ ከተፍ አለ። ልብስ ሰፊዋ የእሱም ዕዳ አለባት፣ ያላት ንብረት ደግሞ ማሽኑ ብቻ ነው። መስፋቷን አቁማ ቀና አለች።

"መያዣዬ ነው፣ ይኸው እጄ ላይ ነው" አሉ እትዬ ከመቀመጫቸው ሳይነሱ። "መጀመሪያ የእኔ ይከፈል።"

አስፈጻሚው ውሉን አገላብጦ አየ። "ዕዳዋ አላለቀም?"

"አላለቀም።"

"እንግዲህ እሳቸው ይቀድማሉ" አለው ለነጋዴው።

"ያለቀ ዕለት እመለሳለሁ" ብሎ ወጣ ነጋዴው።

ከወራት በኋላ ልብስ ሰፊዋ የመጨረሻውን ክፍያ ይዛ መጣች። ሹፌሩ ከሶፋው ቀና አሉ። እትዬ ግን ገንዘቡን አልነኩትም።

"መልሰሽ ያዢው።"

"እትዬ፣ የመጨረሻው እኮ ነው።"

"ለዚያ ነው የማልቀበልሽ። የእኔ ዕዳ ካለቀ ማሽኑን ያ ሰውዬ ይወስደዋል። ይሄን ለእሱ ስጪው፣ በየወሩም ጨምሪለት። እሱን ስትጨርሺ የእኔን ታመጪያለሽ።"

"እሱን ለመጨረስ ዓመት አይበቃኝም።"

"ታዲያ ማን አስቸኮለሽ?"

ሹፌሩ ዓመት የሚለውን ሲሰሙ ተመልሰው ሶፋው ላይ ጋደም አሉ። በዕድሜያቸው ሙሉ ከዕዳ ላይ ሳንቲም ስትምር አይተዋት የማያውቋትን ሚስታቸውን ዞር ብለው አዩ። እንዲህ የወደዷት ቀን ትዝ አላላቸውም። ተነሥተው ማሽኑን በአንድ በኩል ያዙ።

"ነይ በዚያ በኩል አንሺ" አሏቸው ለእትዬ። "ወደ መስኮቱ እናስጠጋላት፣ እዚህ ጨለማ ውስጥ ዓይኗ ሊጠፋ ነው።"