የማናንግ ፑሪንግ ቅንድብ

ፈቃድ ያለው ጠበቃ በየከተማው ይገኛል፤ ፈቃድ የሌለው ጠበቃ ግን በየጋራዡ ነው። እኛ ከሰሜን ፊሊፒንስ የመጣን ኢሎካኖዎች ሦስት ቤተሰብ ሆነን በተሰበሰብንበት ሁሉ፣ አንዲት ሴት የፕላስቲክ ወንበር ስባ ትቀመጥና ስለ ግሪን ካርድ፣ ስለ ዜግነትና ስለ ወረፋ ትበይናለች። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት እሷ ናት። የእኛዋ የዋይፓሁዋ ክብርት ማናንግ ፑሪፊካሲዮን ፓክሌብ ይባላሉ፤ በአጭሩ ፑሪንግ። ማናንግ ታላቅ እህት ማለት ነው፤ ማኖንግ ደግሞ ታላቅ ወንድም፤ ሃዋይ ውስጥ በኛ ሰፈር ግን ማናንግ ከዳኛ ከፍ፣ ከጳጳስ ጥቂት ዝቅ ያለ ማዕረግ ሆኗል።

ማናንግ ፑሪንግ ሕግ የተማሩት ዋይኪኪ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ሲቀይሩ ነው። አብረዋቸው አልጋ የሚያነጥፉ ሴቶች እያንዳንዳቸው አገር ቤት የቀረ አንድ ልጅ ወይ አንድ ባል ነበራቸው፤ እሳቸውም ትራሱን እያራገፉ የሁሉንም ፋይል በቃላቸው ያዙ። ዛሬ ማን መቼ እንዳመለከተ፣ የማን ቅጽ በፊርማ ጉድለት እንደተመለሰ ከባለቤቱ በላይ ያውቃሉ።

በየወሩ መንግሥት የቪዛው ወረፋ የትኛው ቀን ማመልከቻ ላይ እንደደረሰ የሚያሳየውን ሰሌዳ ሲያወጣ የሳቸው ጋራዥ ይሞላል። ሰው የተወለደበትን ቀን ሊረሳ ይችላል፤ ማመልከቻው የገባበትን ቀን የሚረሳ ግን ሰፈራችን ውስጥ የለም። ማናንግ መነጽራቸውን ያደርጉና እንደ ሐዋርያት መልእክት ያነቡታል። "የዜጎች ወንድምና እህት... ሁለት ሳምንት ተራምዷል!" ሲሉ ጭብጨባው ጣሪያውን ያናጋዋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። የኛ እንቁላል ግን አንዳንድ ወር ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ያን ቀን ማንም የቀረበውን ጥቅልል ጥብስ፣ ሉምፒያውን፣ አይነካም።

የማናንግ መከራከሪያ አንድ ነች፦ "ወረቀቱ ምን ይላል?" ስልሳ ሦስት ዓመቱ ሆኖ ዛሬም "ቦይ" የምንለው ማኖንግ ቦይ፣ ዜግነት ያገኘ ሰሞን ደረቱን ነፍቶ መጣ።

"ማናንግ፣ ወንድሜን ላመጣው ነው!"

"የአንድ እናት ልጆች ናችሁ?"

"የአክስቴ ልጅ ነው። ግን ከአንድ ሳህን ነው በልተን ያደግነው።"

"ወረቀቱ ሳህን አይልም።"

"አባቴ እኮ እንደ ልጁ ነበር የሚያየው!"

"እግዜር ይስጣቸው። ወረቀቱ ምን ይላል? የአክስት ልጅ የሚል መስመር የለውም። በል አሁን ፓንሲትህን ብላ።"

ማኖንግ ቦይ አቀርቅሮ ፓንሲቱን፣ የአገራችንን ኑድል፣ በላ። ዜጋ ያገባች አንዲት ወጣት ደግሞ ዜግነቷ በስንት ዓመት እንደሚደርስ ጠየቀቻቸው።

"ሌላው ሰው በአምስት ዓመቱ ነው የሚያመለክተው፤ አንቺ በሦስት። ግን ሦስቱን ዓመት አብረሽው ከኖርሽ ነው።"

"ካኮረፍኩትስ?"

"እዚያው ቤት ሆነሽ አኩርፊ።"

እኔ ራሴ የሳቸው ሰለባ ነኝ። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት አገር ቤት፣ ላዋግ ከተማ ውስጥ ሙሽራ ሆኜ፣ ፀጉሬን ተቀብቼ፣ ቄሱን ስጠብቅ ስልኬ ጮኸ።

"ሙሽራው አንተ ነህ?"

"ማን ልበል?"

"ፑሪንግ ነኝ፣ የእናትህ ጎረቤት፣ ከዋይፓሁ። ቄሱ መጥቷል?"

"መንገድ ላይ ናቸው።"

"መልሷቸው።"

እንዴት ተደርጎ አልኩ። ማናንግም ቁጣዬን በእርጋታ አዳምጠው ሲያበቁ ፍርዱን አሰሙኝ። "እናትህ ገና ግሪን ካርድ እንጂ ዜግነት የላትም። ያመለከተችልህ 'ያላገባ ልጄ' ብላ ነው። ዛሬ 'አዎ' ካልክ የዘጠኝ ዓመት ወረፋህን ውኃ በላው። መጀመሪያ ና፣ ከዚያ ተመልሰህ አግባት።"

"አሳማው ተጠብሷል እኮ!"

"አሳማውን አትብሉ ማን አለ? ልደት ነው በሉ።"

"የማን ልደት?"

"ያን ሁሉ ሰው ሰብስባችሁ አንድ የተወለደ ይጠፋል?"

ነሐሴ የተወለደው አጎቴ በየካቲት ሻማ እፍ አለ። ሙሽራዬ ሉዲ ቬሏን አውልቃ ሦስት ሳምንት ዘጋችኝ። እኔ ከሰባት ወር በኋላ መጣሁ፤ ተመልሼ አገባኋት፤ የሷም ወረቀት ሁለት ዓመት ከምናምን ፈጀ። ያን ቀን ቄሱ ቀድመው ደርሰው ቢሆን ኖሮ ምናልባት ዛሬም ላዋግ ሆነን ወረፋ እንቆጥር ነበር። ሉዲ ይህን ታውቃለች። ታውቃለች እንጂ ይቅር አላለችም።

እንግዲህ የዛሬ ሁለት ዓመት በመጋቢት፣ ክብርት ማናንግ ደወሉልኝ። "አዲንግ" አሉኝ፤ ታናሽ ወንድሜ ማለታቸው ነው። አንድ ነገር ሲፈልጉ ብቻ ነው እንዲህ የሚሉኝ። "መኪናህ ይነሳል? ሐኪም ቤት አድርሰኝ።"

የቤተ ክርስቲያን ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ አንድ ማህደር ደረታቸው ላይ አቅፈው ገቡ። በግራ ታጠፍ፣ በቀኝ ታጠፍ ሲሉኝ የደረስነው የዜግነት ቃለ መጠይቅ የሚደረግበት ቢሮ ነው።

"ማናንግ፣ ዛሬ ማንን ልናጅብ ነው?"

"እኔን።"

የዋይፓሁን ግማሽ ለቃለ መሐላ ያበቁት ሴትዮ ለካ ራሳቸው ዜጋ አይደሉም! ጠንቋይ ለራሱ አያውቅም ማለት ይኸው ነው።

"አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ምን ሲያደርጉ ነበር?"

"መጀመሪያ ባሌን አስታመምኩ። እሱን ስቀብር ደግሞ የሰው ቅጽ ሞላሁ" አሉ ማህደሩን እየደባበሱ። "አሁን ግን አገር ቤት ያለችው ናናንግ፣ እናቴ፣ ሰማንያ ሦስት ሞላት። አብራት የነበረችው አክስቴ ሞታለች። ጠዋት ጠዋት ጎረቤት በሯን እያንኳኳ ነው መኖሯን የሚያጣራው፣ አዲንግ።"

ሌላ አልተናገሩም፤ የቀረውን ከሳቸው ተምሬዋለሁ። ዜጋ ለወላጁ ወረፋ የለበትም፤ ባለ ግሪን ካርድ ግን ወላጁን ጭራሽ ማምጣት አይችልም። እናትየው ልጇ ቤት የምትገባው ማናንግ ያን ፈተና ካለፉ ብቻ ነው።

ከአርባ ደቂቃ በኋላ ወጥተው መኪናው ውስጥ ገቡ። አላለፉም። የታሪኩን ጥያቄ አንድም አልሳቱ።

"ታዲያ ምን ሆኑ?"

"ሰውየው 'ሕገ መንግሥቱን ይደግፋሉ?' አለኝ። መለስኩለት።"

"ምን ብለው?"

ማናንግ ፑሪንግ ቅንድባቸውን ወደ ላይ አነሱ።

ወይ ጣጣ! እኛ ዘንድ "አዎ" በቅንድብ ነው። በልተሃል? ቅንድብ። ትወደኛለህ? ቅንድብ። አፍ ለምግብና ለሐሜት ይቆጠባል። መርማሪው ግን ከወረቀቱ ቀና ሳይል ይጠብቃል፤ ድምፅ የለም። ደግሞ ጠየቀ፤ ማናንግ ቅንድባቸውን ይበልጥ ሰቀሉ። "ሦስቴ አዎ አልኩት እኮ! ቅንድቤ ፀጉሬ ውስጥ ሊገባ ምን ቀረው?" እሱም እንግሊዝኛው አልገባቸውም ብሎ ጻፈ። አልፈርድበትም፤ ቅንድብ እንዴት ተብሎ ይመዘገባል?

"እንግዲህ ወረቀቱ ምን ይላል?" አልኩ፣ ልማድ ሆኖብኝ። ወዲያው ምላሴን በነከስኩ አልኩ። ማናንግ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩና አለቀሱ። እኚያን ሴት ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም ነበር፤ መኪናውን አስነሳሁ።

እንደ ዕድል ሆኖ ሕጉ በዘጠና ቀን ውስጥ አንድ ጊዜ ደግሞ ይፈትናል። "ለማንም እንዳትናገር" ብለው አስማሉኝ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለሚስቴ ብቻ። ሚስቴም ለእህቷ ብቻ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ ከመምሸቱ በፊት ጋራዡ ጢም አለ። ማናንግ እኔን ሊገድሉኝ ተነሱ። ሉዲ ግን አንድ ጥቅል ፕላስተር ይዛ መሐል ገባች።

"ይቀመጡ፣ ማናንግ።"

"ምን ልታደርጊኝ ነው?"

"ይሄን ቀን አሥር ዓመት ጠብቄዋለሁ" አለችና ከሁለቱም ቅንድቦቻቸው በላይ ግጥም አድርጋ ለጠፈችባቸው። ቅንድባቸው ሲነሳ ፕላስተሩ እንዲቆነጥጣቸው ነው። ማኖንግ ቦይ ክራባት አስሮ መርማሪ ሆነ።

"ፓንሲት ይጨመርልዎ?"

ፕላስተሩ ተወጠረ።

"በአፍዎ!" ብሎ ጮኸ ጋራዡ በሙሉ።

"የስ፣ ሰር! ይጨመርልኝ!"

"ወረቀቱ ሳህን ይላል?" አለ ማኖንግ ቦይ፤ ቂም መያዙን ያን ጊዜ አወቅን።

ሁለት ወር ሙሉ በፕላስተር ዞሩ። መንገድ ላይ የሚያያቸው ግንባራቸውን ሊያሳምሩ ተቀደው ነው እያለ ያማቸዋል። አንድ እሑድ ቄሱ ስብከት መሐል "ሁላችን ኃጢአተኞች አይደለንምን?" ሲሉ፣ ከሦስተኛው ረድፍ "የስ፣ ሰር!" የሚል ድምፅ ተነስቶ ሕፃናቱን አስለቀሰ።

በግንቦት ፕላስተሩን መኪናዬ ውስጥ ላጡና ገቡ። እኔ መጠበቂያው ክፍል ቁጭ ብዬ እጄን አሻሻለሁ። በተዘጋው በር በኩል "የስ፣ ሰር!" ሲሉ ተሰማ። ቀጥሎም ሌላ፣ ከፊተኛው የባሰ። ጥበቃው ከወንበሩ ተነሳ። ሰባተኛው ላይ እኔም ባለሁበት "የስ፣ ሰር!" ብዬ አረፍኩት። አለፉ። በሰኔ ማሉ፤ የእናታቸውን ማመልከቻም በዚያው ከሰዓት በኋላ ፖስታ ቤት አስገቡ።

ከአሥራ አራት ወር በኋላ መላው ጋራዥ አውሮፕላን ማረፊያ ተገኘ። ማናንግ የአበባ ጉንጉን ይዘው፣ ለእናታቸው የሚናገሩትን እያነበነቡ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ብዙ አሾፍኩባቸው እንጂ እወዳቸዋለሁ። ሚስቴንም ልጆቼንም በአንድ አድራሻ ያስገቡልኝ እሳቸው ናቸው። በሩ ሲከፈት በተሽከርካሪ ወንበር የተቀመጡ፣ በሃዋይ ሙቀት ሹራብ የደረቡ ትንሽዬ አሮጊት ብቅ አሉ።

"ፑሪ!"

እዚህ ላይ አንቱታው ይቅርልኝ፤ በዚያች አንዲት ቃል ማናንግ ልጅ ሆነች። ሮጣ ተንበረከከችና እንደ አገራችን የሰላምታ ወግ የእናቷን እጅ ግንባሯ ላይ አደረገች። ያን ሁሉ ያጠናችውን ንግግር ረሳችው።

"ናናንግ፣ መጣሽልኝ?" አለች።

አሮጊቷ ቅንድባቸውን ወደ ላይ አነሱ።

"በአፍ ነው፣ ናናንግ!" ብሎ ማኖንግ ቦይ ከኋላ ጮኸ፤ ሉዲ ሳቋ ከእንባዋ ጋር ተቀላቅሎባት ትከሻዬን ያዘች። ፑሪንግ ግን ዞር ብላም አላየችው፤ ደግማም አልጠየቀች።