ስምንተኛው ሺህና የእትዬ ስንታየሁ ቀሚስ

ሐበሻ ተሰብስቦ በሚኖርበት ቤት ሁሉ አንድ ሰው የዓለምን መጨረሻ ይጠብቃል። በኪራይ ውሉ ላይ አልተጻፈም እንጂ ሕግ ነው። አንዷ የመታጠቢያ ቤቱን ተራ ታስከብራለች፤ አንዷ ኢንተርኔቱ ሲቋረጥ ትደውላለች፤ አንዷ ደግሞ ስምንተኛው ሺህ የት እንደደረሰ ለቤቱ ታሳውቃለች። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ቤት ካለ ገና አልጋው አልሞላም ማለት ነው።

የፀጉር ቤት ሠራተኛዋ ሂሩት ቤድ ስፔስ፣ ማለትም አንድ አልጋ ብቻ፣ ተከራይታ በያዘችበት ቤት፣ ሻርጃ ውስጥ ከአል ማምዛር ማዶ ባለ አሮጌ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ይህ ከባድ ሹመት የክብርት እትዬ ስንታየሁ ነበር። ማንም አልሾማቸውም፤ ራሳቸው ናቸው የያዙት። ጁሜይራ ውስጥ አንዲት ማዳም ዘንድ ጠጉራቸው እስኪሸብት ሠርተው፣ አሁን በየቤቱ እየዞሩ ልብስ ይተኩሳሉ። በየሄዱበት አንድ ምልክት ሳያዩ አይመለሱም። በሩን ከፍተው ጫማቸውን ሳያወልቁ፣ "ኸላስ፣ አበቃ! ቀርቧል። ስንታየሁ ብላ ነበር በሉ!" ይላሉ። ቤቱም "እሺ እትዬ" ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሜትሮ የተሳፈሩ ዕለት ከሂሩት ጋር ነበሩ። ፊት ያለው ፉርጎ ውስጥ ገብተው ሹፌሩን ሰላም ሊሉ ቢፈልጉ፣ ቦታው ባዶ፤ መስኮቱና ሐዲዱ ብቻ። "ሂሩት፣ ማን ነው የሚነዳን?" አሉ። "ማንም እትዬ፣ በራሱ ነው።" ይህን ሲሰሙ በሚቀጥለው ጣቢያ ወርደው ከዚያ ወዲህ ከአውቶቡስ በቀር አልተሳፈሩም። የአውቶቡሱ ሹፌር በሁለት ስልክ እያወራ ቢነዳም ቅር አይላቸውም፤ ሰው ነዋ።

ምግብ ቤት ውስጥ ትሪ የሚያመላልስ ሮቦት ያዩ ዕለትማ አማትበው መንገዱ መሃል ቆሙ። ሮቦቱ በእንግሊዝኛ እባክዎ ያሳልፉኝ አላቸው። እሳቸውም ዘወር ብለው አሳለፉት። በኋላ ሂሩት ስትስቅባቸው፣ "አውሬ ቢሆንም እባክዎ ብሏል፤ ጨዋ ነው" አሉ።

አዲሱ ስልካቸው የጣት አሻራ ሲጠይቃቸው ነገሩ ከረረ። የአውሬው ምልክት የሚደረገው በቀኝ እጅ ወይም በግንባር መሆኑን ጠንቅቀው ያውቃሉ። አንድ ምሽት ሙሉ ካሰቡ በኋላ የግራ እጃቸውን ትንሿን ጣት ሰጡ፤ ስለ ግራ ትንሽ ጣት የተጻፈ ነገር የለም። ለመታወቂያው ድሮ አሥሩንም ጣት መስጠታቸውን ማንም አላስታወሳቸውም። ሰው በሰላም ይኑር እንጂ።

ከሳቸው ጋር ፊት ለፊት የምትከራከረው ጸጋ ብቻ ናት። ጸጋ ጴንጤ ናት፤ እሑድ እሑድ በኪራይ አዳራሽ ታመልካለች። እሷ እንደምትለው አማኞች መከራው ሳይመጣ ወደ ሰማይ ይነጠቃሉ። እትዬ ስንታየሁ ደግሞ ማንም ሳይቀምስ አያልፍም ባይ ናቸው፤ ስለዚህ አልጋቸው ሥር የታሸገ ቱና፣ ብስኩት፣ ውኃ፣ ሻማና ስኳር አከማችተዋል። የሦስት ዓመት ተኩል ስንቅ መሆኑ ነው። ጸጋ ስለምትነጠቅ ምንም አታስቀምጥም፤ ስኳር ሲያልቅባት ግን ከእትዬ ስንታየሁ የመከራ ዘመን ስኳር ትበደራለች።

ከስንቁ ጎን አንዲት ሻንጣ አለች። ሻንጣዋ ውስጥ ጥበቧ የወርቅ ቀለም ያላት ነጭ ቀሚስ ታጥፋ ተቀምጣለች። እትዬ ስንታየሁ ለፋሲካም ለጥምቀትም ለብሰዋት አያውቁም። "ለዕለቲቱ ናት" ይላሉ። "ጌታዬ ሲመጣ በሽሮ በነካካ ቲሸርት ልቀበለው?" የሻንጣዋን ዚፕ የነካ ሰው ወዮለት!

ሂሩት ይህን ሁሉ እያየች ትስቅ ነበር፤ ነገሩ ወደ እሷ እስኪዞር ድረስ። ሻርጃ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ውስጥ ጎማ የሚጠግን አብርሽ የሚባል ልጅ ወደዳት፤ እሷም ወደደችው፤ ሽማግሌ ልላክ አለ። አባቷ የሉም፤ እናቷ ደሴ ናቸው። እናቲቱ ነገሩን በስልክ ሰምተው፣ "እኔ ልጁን አላየሁት። እዚያ በእናት ቦታ ያለችልሽ ታላቅ ማን ናት?" ብለው ጠየቁ።

"እትዬ ስንታየሁ ናቸው።"

"እንግዲያው ሽማግሌዎቹ እሷ ዘንድ ይምጡ። እሷ እሺ ካለች እሺ ብያለሁ። እንቢ ካለችም እንቢ ነው።"

ሂሩት ሻይ አፍልታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ እየፈራች ተናገረች።

"ማግባት?" አሉ እትዬ ስንታየሁ ብርጭቆውን አስቀምጠው። "ሂሩትዬ፣ በኖኅ ዘመን ሰው ምን ያደርግ ነበር?"

"እ… ኃጢአት?"

"ይበላ ነበር፣ ይጠጣ ነበር፣ ያገባ ነበር! እንዲህ እያለ ነው ውኃው የደረሰበት። መጨረሻውም እንደዚያው ነው ተብሏል። አሁን ይሄን አገር እይው፤ ይበላል፣ ይጠጣል። የቀረው ማግባት ነበር፤ እሱን አንቺ ልትሞዪው ነው?"

"ሽማግሌዎቹ ለእሑድ ሳምንት ተቀጥረዋል እትዬ። ይቀበሏቸዋል?"

"እስከ እሑድ ሳምንት ማን ያውቃል" አሉና ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ሂሩት የዚያን ሳምንት እህል አልወርድ አላት። ተናደደችም። ይህን ሁሉ ዓመት የሌላ ሙሽራ ፀጉር ስትሠራ ኖራ፣ የራሷ ተራ ሲደርስ በሜትሮው ሹፌር ምክንያት ሊቀር ነው? አብርሽ ደውሎ "ምን አሉ?" ባላት ቁጥር "እያሰቡበት ነው" እያለች ትዋሻለች።

ከቀጠሮው በፊት፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ያ ሁሉም የሚያስታውሰው ዝናብ መጣ። በእኩለ ቀን ሰማዩ አረንጓዴ ሆነ፤ ከዚያ ጠቆረ፤ ከዚያ ወረደ። መኪና እንደ ኮዳ ተንሳፈፈ። መብራት ጠፋ፤ አሳንሰሩ ቆመ፤ ምድር ቤት ውኃ ገባ። ከሀገር ከመጣች ዓመት ያልሞላት ምሕረት፣ የቤቱ ትንሽ፣ አልጋዋ ላይ ተጠቅልላ፣ "እማዬን ሳላያት! እማዬን ሳላያት!" እያለች ታለቅሳለች። ጸጋ ትጸልያለች። የሁሉም ዓይን ግን ወደ እትዬ ስንታየሁ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን የጠበቁት ሰዓት ነው። ሂሩትም ጠበቀች፤ አሁን "ቀርቧል" ካሉ የእሷ ነገር አበቃለት።

እትዬ ስንታየሁ በመስኮቱ ሰማዩን አዩ፤ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ዞረው ምሕረትን አዩ።

"ይሄ?" አሉ። "ይሄማ ዝናብ ነው።"

"ሰማዩ እኮ አረንጓዴ ነው እትዬ!" አለች ምሕረት ከብርድ ልብሱ ውስጥ።

"ቢሆንስ? ሐምሌን አገርሽ አላሳለፍሽም? ዝናብ አይተሽ አታውቂም? ያላ፣ ተነሺና ሻማ አውጪልኝ።"

ለአንድ ሮቦት ያማተቡ ሴት፣ ከተማ ሲሰጥም ዝናብ ነው አሉ!

ብዙም ሳይቆይ የምድር ቤቷ ዓረብ ጎረቤት ለይላ ልጆቿን አዝላና ጎትታ ደረጃውን ወጣች፤ ቤቷን ውኃ ወስዶታል። እትዬ ስንታየሁ ተንበርክከው ስንቁን ከአልጋው ሥር ይጎትቱ ጀመር። "እትዬ፣ ይሄ ለመከራው ዘመን አልነበር?" አለች ጸጋ። "ልጅ ሲርበው መከራ ነው" አሉና ቱናውን ከፈቱ። እሳቸው ሁዳዴ ላይ ስለሆኑ ደረቅ ብስኩት ቆረጠሙ። ከላይም ከታችም ያለው ጎረቤት ሰማ፤ የሦስት ዓመት ተኩሉ ስንቅ ቅዳሜን አላለፈም።

ምሕረት እንቅልፍ ሲጥላት ሂሩት ጠጋ ብላ፣ "እትዬ፣ ከልብዎ ነው? ምልክት አይደለም?" አለቻቸው።

"ምልክትማ ነው" አሉ በሹክሹክታ። "ግን ለምታለቅስ ልጅ ምልክት አይነገርም።"

ሂሩት እኚህን ሴት እንደምትወዳቸው ያወቀችው ያኔ ነው፤ ስለ እሑዱ ለመጠየቅ ግን አፏ አልደፈረም። እሳቸውም መጽሐፋቸውን ከፍተው በሻማ ብርሃን ኦሪት ዘፍጥረትን ማንበብ ያዙ።

እሑድ ደረሰ፤ ውኃው ግን ከመንገዱ አልሄደም። ሂሩት ሽማግሌዎቹ እንደማይመጡ እርግጠኛ ሆና ሽንኩርት ትልጣለች። ድንገት የሻንጣዋ ዚፕ ድምፅ ተሰማ። ዞር ስትል እትዬ ስንታየሁ ነጩን ቀሚስ ለብሰው፣ ነጠላ አጣፍተው ቆመዋል።

ምሕረት አልጋው ብረት ላይ ተለጠፈች። ጸጋ ቀና ብላ ኮርኒሱን አየችና፣ "ዛሬ ነው እንዴ?" አለች።

"ምን ታፈጣላችሁ?" አሉ እትዬ ስንታየሁ። "እንግዳ አለብኝ።"

ሂሩት ሽንኩርቱን ይዛ ወደ ወጥ ቤት ሮጠች፤ ያለቀሰችው በሽንኩርቱ ነው ብትል ማንም አያምናትም። ለጌታ መምጫ የተቀመጠው ቀሚስ ለእሷ ሽማግሌዎች ወጣ። ደግሞ ፈራች፤ በክብር ለብሰው እንቢ ቢሉስ?

ከሰዓት በኋላ እትዬ ስንታየሁ መስኮቱ ላይ ሆነው ጮኹ። "በስመ አብ ወወልድ! ሦስት ናቸው! ነጭ ለብሰዋል! በውኃ ላይ ይመጣሉ!" አማተቡ። "የአብርሃም እንግዶች…"

"እትዬ ስንታየሁ!" የሚል የወንድ ድምፅ ከታች መጣ። "እባክዎ ገመድ ቢጤ ይወርውሩልን፤ ጀልባው እየተነፈሰ ነው!"

የአብርሃም አልነበሩም፤ የአብርሽ ነበሩ። ፊት ያሉት ጋሽ ለገሰ፣ የሠራተኛ አውቶቡስ ሹፌር፣ በመጥረጊያ ይቀዝፋሉ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ሰብስበው፣ ጫማቸውን በጭናቸው ይዘው፣ ሰው ልጆቹን ማምዛር ባሕር ዳር በሚያጫውትባት ሮዝ የጎማ ጀልባ ውስጥ በክብር ተቀምጠዋል። የአልጋ ልብስ ተቋጥሮ ወረደላቸውና ጀልባዋን ወደ ደረጃው ሳቧት።

ሽማግሌዎቹ ገብተው ቆሙ። "ተቀመጡ" ቢባሉ፣ "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ፤ ከጋቢያቸው ጫፍ ውኃ ይንጠባጠባል። ጋሽ ለገሰ ጉሮሯቸውን ጠርገው ልጃችንን ልጅ አድርጉልን አሉ። አብርሽ ሠራተኛ መሆኑን፣ ሰው አክባሪ መሆኑን፣ ችግርም ሙሽኪላም የሌለበት ልጅ መሆኑን ተናገሩ። ሂሩት ከወጥ ቤቱ በር ኋላ ጆሮዋን ጣለች።

"ጋሽ ለገሰ" አሉ እትዬ ስንታየሁ፣ "በኖኅ ዘመን ሰው ይበላ፣ ይጠጣ፣ ያገባ እንደነበር ያውቃሉ?"

"አውቃለሁ" አሉ ጋሽ ለገሰ፤ ፊታቸው ወደቀ። ሂሩት ዓይኗን ጨፈነች።

"ይሄን ለዚች ልጅ ነግሬያት ነበር። ዝናቡ ሲመጣ መጽሐፉን እንደገና አነበብኩት። መርከቡ ውስጥ ስንት ሰው ገባ?"

"ስምንት ነፍስ።"

"እነማን ናቸው?"

"ኖኅ፣ ሚስቱ፣ ሴም፣ ካም፣ ያፌት…"

"ብቻቸውን?"

"ከነሚስቶቻቸው ነዋ።"

"ከነሚስቶቻቸው!" እትዬ ስንታየሁ አልጋውን መቱት። "ላጤ አለ? አንድም የለም! እንስሳው እንኳ ጥንድ ጥንድ ነው የገባው። ዋላሂ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የሰመጡትን ነው ስቆጥር የኖርኩት፤ የዳኑትን አላየሁም። ታዲያ ጊዜው እንዲህ ቀርቦ እያየሁ ልጄን ላጤ አድርጌ ውጭ ላስቀራት? ልጃችሁ ልጃችን ነው። አሁን ተቀመጡ፣ ወለሉን አረጠባችሁት።"

እልልታውን ያስጀመረችው ለይላ ናት፤ የዓረቦቹም እልልታ ከኛ ብዙ አይርቅም።

ሽማግሌዎቹ ምስርና ጎመን በልተው በጀልባቸው ሲመለሱ እትዬ ስንታየሁ ሊሸኙ እስከ ደረጃው ግርጌ ወረዱ፤ ሂሩትም ተከትላ ወርዳ ጉልበታቸውን ሳመች። የቀሚሱ ጠርዝ በጎርፍ ውኃ ጠቁሯል።

"ቀሚስዎን አስበላሸሁብዎ" አለች። "አጥቤ ወደ ሻንጣው ልመልሰው?"

"እጠቢው። ሻንጣ ውስጥ ግን አትክተቺው፤ ስቀይው። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ለሠርግሽ እለብሰዋለሁ። ሴት ልጅ ከወለድሽ ደግሞ ክርስትና የማነሳት እኔ ነኝ፤ የዚያን ቀንም እለብሰዋለሁ። ስትዳርልሽ ካረጀ ጥበቡን እናስቀይራለን።"

"እትዬ፣ ዓለም አያልቅም እንዴ?"

"ያልቃል እንጂ! ስንታየሁ ብላ ነበር በሉ።" ትንሽ አሰቡና አከሉ፦ "ግን ልጅቷን ሳልድር አይሆንም።"

ሂሩት ቀሚሱን አጥባ በረንዳው ላይ ሰቀለችው። ታች፣ ውኃው መጉደል ጀምሮ ነበር።