የሚስተር ደልበርት የኋላ ማርሽ

በሜክሲኮ ሰላጤ ጠረፍ የሚኖር ሰው ሁሉ፣ አውሎ ነፋሱ ከመድረሱ በፊት አንድ ሰው ይደርስበታል። ሰማዩ ገና ጥርት ብሎ ሳለ አጥርህ ላይ ደገፍ ብሎ «ይኼኛው የዋዛ እንዳይመስልህ» የሚልህ ሰው። በየሰፈሩ አንድ አለ። የሌለው ሰፈር ካለ ከጎረቤት ይዋስ፤ ያለ እሱ ነፋስም አይነፍስ።

ለእኛ ሰፈር የተሰጡን ክቡር ሚስተር ደልበርት ላድነር ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ሽሪምፕ በሚባለው የባሕር ምግብ ፋብሪካ ማቀዝቀዣ ሲጠግኑ ኖሩና ጡረታ ወጡ፤ በማግስቱ ራሳቸውን የነፋሳት ሁሉ የበላይ ተቆጣጣሪ አድርገው ሾሙ። ከወዲያ ማዶ፣ ከአፍሪካ ጠረፍ አንዲት ደመና ብድግ ካለች እሳቸው ሳያውቋት ውቅያኖስ አትሻገርም። ቴሌቪዥኑ ከጠዋት ጀምሮ ሲለፍፍ የዋለውን ይዘው ይመጡና፣ ግራ ቀኝ ገላምጠው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይነግሩኛል። የአዋጁን በጆሮ ማለት እሳቸው ናቸው።

«ትዊላ፣ ውሃ ሞልተሻል?»

«ሞልቻለሁ፣ ሚስተር ደልበርት።»

«ነዳጅስ?»

«ትናንት ጠይቀውኝ ነበር እኮ!»

«ትናንት ትናንት ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!» ይሉና ወደሚቀጥለው አጥር ያልፋሉ።

ሁለታችንም ሞተርሆም አለን፤ አልጋውንም ምድጃውንም ሽንት ቤቱንም ታቅፎ የሚሄድ መኪና። የእሳቸው የከተማ አውቶቡስ ያህላል። የኔው ትንሽ፣ ያረጀ፣ ዳገት ሲያይ የሚያስነጥሰው ነው፤ ስንፋታ ባሌ ጀልባውን መረጠ፣ የተረፈው ለእኔ ሆነ። ውጡ የሚል ትእዛዝ ሲመጣ ዘመድ ያለው ወደ ዘመዱ ይሄዳል። እኛ ግን ቤታችንን እየነዳን ወደ ሰሜን፣ ለሞተርሆም ማቆሚያ ቦታ ወደሚያከራይ ካምፕ እንሄዳለን። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ በሩን ከፍቶ የሚጠብቀው ሰው ያለው፣ ነፋስን በጎማ ላይ ተቀምጦ አይጠብቅም።

የክቡርነታቸው ዋና ክብር ግን ነፋስ አይደለም፤ ሪቨርስ ነው። የትኛውም ካምፕ ይሁን፣ አንድ መኪና ወደ ቦታው ሊገባ ኋላውን ሲያዞር ከየት መጡ ሳይባል ከጀርባው ቆመው ይገኛሉ። ቡናቸውን ያስቀምጣሉ፣ ኮፍያቸውን ያጠብቃሉ፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ይዘረጋሉ። «ና! ና! ና! ስበር! ወደ ግራ! የኔን ግራ አይደለም፣ ያንተን! ፍታው! ፍታው እንጂ ሰውዬ! ና… በቃ!» ያለችግር የገባውን እንኳ አይለቁም። ጎንበስ ብለው ጎማውን ያዩና «ጠማማ ነው፣ ውጣና እንደገና» ይላሉ። ሰው ሁሉ ይወጣል፤ ለምን እንደሚታዘዛቸው ዛሬም አይገባኝም።

አንድ ጊዜ ከቴክሳስ የመጡ ባልና ሚስት ነበሩ። ባል መሪ ላይ፣ ሚስት ከኋላ። እሷ «ና» ስትል እሱ ይቆማል፣ እሷ «ቁም» ስትል እሱ ይመጣል፤ በመጨረሻ የውሃ ቧንቧውን ገጭቶ ፏፏቴ ሠራ። ስድቡን ለእናንተ አልደግመውም። ሚስተር ደልበርት በውሃው መሃል ሰንጥቀው ገቡ፣ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ ለሴትየዋ እጅ ነሱ። «እመቤቴ፣ ዞር በይልኝና ትዳርሽን ላትርፍልሽ። ፍቺ የሚጀምረው ፍርድ ቤት አይደለም፣ ሪቨርስ ላይ ነው።» ባልና ሚስቱ እስከ ዛሬ ለገና ፖስትካርድ ይልኩላቸዋል።

ይሁንና የእሳቸው አውቶቡስ ወደ ኋላ ሲሄድ ያየ ሰው የለም። በየካምፑ ከአንድ ወገን ገብተህ በሌላው ወገን የምትወጣባቸው ቦታዎች አሉ፤ ክቡርነታቸው የሚይዙት ሁልጊዜ እነሱን ነው። ሰው ጌትነት ይመስለዋል። እኔ ግን ጎረቤት ነኝና አውቃለሁ። ሚስ ዊዳ፣ ባለቤታቸው፣ በሕይወት ሳለች ከኋላ የምትቆመው እሷ ነበረች። ከሞተች ወዲህ ማርሹ ወደ ኋላ ገብቶ አያውቅም። ነዳጅ ማደያ እንኳ ጠበብ ካለ አልፈውት ይሄዳሉ፤ ራሳቸው ቤት በር ላይ ደግሞ ገብተው መውጫ እንዳያጡ የጎን አጥራቸውን አፍርሰው አዲስ መውጫ ከፍተዋል።

እንግዲህ ማርቪን የተባለው ነፋስ መጣ። ሚስተር ደልበርት አጥሬ ላይ ደረሱ፣ አንድ የእጅ ሬዲዮ አቀበሉኝና «ከኋላዬ ነሽ፤ መብራቴን ብቻ እያየሽ» አሉኝ።

መንገዱ አይነሳ። የጠረፉ ሰው ሁሉ ወጥቷል፤ ጎማ ከጎማ ተጋፍቶ በኤሊ እርምጃ እንሄዳለን። ሬዲዮው ደግሞ አያርፍም።

«ትዊላ፣ አለሽ?»

«ከኋላዎ ነኝ እኮ! እያየሁዎት ነው!»

«እንዲያው ላረጋግጥ ብዬ ነው።» ትንሽ ቆይተው፦ «በግራ በኩል ላሞች አሉ።»

«አየኋቸው።»

«ተኝተዋል። ላም ከተኛ ዝናብ ነው።»

«ሚስተር ደልበርት፣ ዝናቡን ሸሽተን አይደል እንዴ የወጣነው!»

ነዘነዙኝ። የሰው ታርጋ አነበቡልኝ፣ የበሉትን ነገሩኝ፣ የሚበሉትን ነገሩኝ። መንገዱ ጭራሽ ሲቆም ደግሞ ወርደው ምድጃቸውን አስፋልቱ ዳር ለኮሱ። በእኛ አገር የነፋስ ሕግ ነው፤ መብራት ከመጥፋቱ በፊት ፍሪዘር ውስጥ ያለው ሁሉ ይበላል። ሽሪምፑን ጠብሰው በየመኪናው መስኮት አደሉት፣ ጉንጩ የሞላውን ሁሉ ስለ ጎማ ንፋስ መከሩት። ሰው ሲበላላቸው ፊታቸው እንዴት እንደሚበራ ብታዩ!

ከዚያ ተንቀሳቀስንና ሬዲዮው ዝም አለ። እሰይ፣ ተገላገልኩ አልኩ። ጥቂት ነዳሁ። አጠገቤ የተኛችውን ድመቴን አየሁ፣ ድመቷም አየችኝ። ሳላስበው እጄ ሬዲዮውን አነሳ።

«ሚስተር ደልበርት፣ አሉ?»

«የት እሄዳለሁ?» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ደስታው ይሰማ ነበር።

አላባማ ውስጥ፣ ከሐይቁ አጠገብ ያለው ካምፕ ስንደርስ የካምፑ ባለቤት ሚስ ቨርና ዝናብ ልብሷን ለብሳ በሩ ላይ ጠበቀችን። «ሚስተር ደልበርት፣ ይቅር ይበሉኝ። እርስዎ አስቀድመው ያስያዙት ቦታ ላይ ያሉት ቤተሰቦች መኪናቸው ተሰብሮባቸው አልወጡም። ልጆች አሏቸው፣ በዚህ ነፋስ ላስወጣቸው አልችልም። የቀሩኝ እነዚህ ሁለት ናቸው፣ ሻወር ቤቱ አጠገብ።»

ሁለቱም በሪቨርስ ብቻ የሚገባባቸው ነበሩ።

መጀመሪያ እኔን አስገቡኝ። «ነይ! ነይ! ስበሪ!» ሁለቴ አስወጡኝ፣ ሁለቴ አስገቡኝ። ከዚያ የእሳቸው ተራ ደረሰ። ካምፕ ውስጥ ትልቅ መኪና ሲገባ ማየት ከሲኒማ ይበልጣልና ሰው ካፊያ ሳይል ተጣጣፊ ወንበሩን ይዞ ወጣ። ሊቀ ሪቨርሱ ራሳቸው ሊገቡ!

ክቡርነታቸው ቦታውን አዩት። ዛፎቹን አዩ። ኮፍያቸውን አስተካከሉ። «ይሄ ቦታ ለኔ አይመቸኝም፤ ትንሽ ወደ ሰሜን ልቀጥል» አሉ።

«ወደ ሰሜን?» ሚስ ቨርና ጮኸች። «ምን ሲደረግ! እስከ ቴነሲ ድረስ ባዶ ቦታ የለም! ነፋሱ ከምሳ በኋላ እዚህ ነው፤ ይሄን አውቶቡስ ሜዳ ላይ ካገኘው እንደ ካርቶን ነው የሚገለብጠው!»

«ላድነር መንገድ ጠፍቶት አያውቅም» አሉና የአውቶቡሳቸውን ደረጃ ወጡ። ሞተሩ ተነሳ።

ይህ ሰውዬ እኮ ሊሄድ ነው! ብቻውን፣ ነፋስ ላይ፣ አንዲት ማርሽ ፈርቶ! ሮጬ ከመስኮታቸው ሥር ቆምኩ።

«ሚስተር ደልበርት፣ እኔ ከኋላ እቆማለሁ።»

«አንቺ?» አሉ ወደ ታች እያዩኝ። «ግራና ቀኝሽን ሳትለዪ?»

«አለመለየቴንማ እውነትዎን ነው። ግን እቆማለሁ።»

የመስታወቱ መጥረጊያ ወዲያና ወዲህ ይላል። በኋላ፣ እኔን ሳይሆን መሪውን እያዩ፣ ቀስ ብለው ተናገሩ። «እሷ አትጮህም ነበር። በመዳፏ ነበር። የመኪናውን ጎን ቸብ ቸብ ታደርገዋለች። ቸብታው እስካለ ድረስ ና ማለት ነው። ሲበቃ አንዴ ጠንከር አድርጋ ትመታዋለች። ስፖኪዮ እንኳ አላይም ነበር፣ ትዊላ። አሁን ማርሹን ሳስገባ ከኋላ ዝም ነው። ያን ዝምታ አልችለውም።»

እኔም ቤቴ ስገባ የሚጠብቀኝን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ ያን ዕለት ግን አላወራሁትም። «በሉ ያስገቡት» ብቻ አልኩና ወደ ኋላ ሄድኩ።

መዳፌን ቆርቆሮው ላይ አሳረፍኩ። ቸብ። ቸብ። አውቶቡሱ አልተነቃነቀም። ሰው ሁሉ ያያል፤ አንድም ሰው አልሳቀም። ቸብ፣ ቸብ። የኋላ መብራቱ በራ፣ ያ ተራራ የሚያክል ነገር ተንቀጥቅጦ ወደ እኔ መምጣት ጀመረ። እየተራመድኩ፣ እየመታሁ፣ ዝናቡ ዓይኔ ውስጥ እየገባ፣ አንዴ ዛፍ ሊነካ ሲል እንኳ መዳፌን አላነሳሁም። መጨረሻ ላይ ባለ በሌለ ኃይሌ መታሁት።

ቆመ። ሞተሩም ጠፋ። እሳቸው ግን ቶሎ አልወረዱም። ሚስ ቨርና ወደ እሳቸው ልትሄድ ስትል ክንዷን ያዝኳት፤ ተመልካቹም ነገሩ ገባውና ወንበሩን እየሰበሰበ ገባ።

ማርቪን በሰዓቱ መጣ። ሚስ ቨርና ሁላችንንም በብሎኬት ወደተሠራው ሻወር ቤት ነዳችን፤ አንድ ካምፕ ሙሉ ሰው፣ ውሾችና ድመቴ ጭምር፣ በየሻወሩ ሥር ተኮልኩለን ተቀመጥን። ጣሪያው ይጮሃል፣ ውጭ ቅርንጫፍ ይሰበራል፣ መኪና የተሰበረባቸው ሰዎች ልጆች ያለቅሳሉ። ክቡርነታቸው ደግሞ በተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጠው እያንዳንዷን የነፋስ ሽውታ ያብራሩልን ነበር። «ይቺ ምንም አይደለችም። ይቺም ምንም አይደለችም። ይቺ…» ጣሪያው ተንገጫገጨ። «ይቺ ትንሽ ነች» አሉ፣ ልጆቹም ሳቁ። እኔ እጄን ሰድጄ ክንዳቸውን ይዤ እንደነበር ያወቅኩት ነፋሱ ካለፈ በኋላ ነው።

በማግስቱ ፀሐይ ወጣች። ስልኩ ሁሉ ይጮኽ ጀመር፦ መንገድ ተከፍቷል፣ ድልድዩ ደህና ነው፣ ጠረፉ ከተፈራው በታች ነው የተጎዳው። ሰው ተቃቅፎ ዘለለ። ወዲያው የውሃ ቱቦው ይጠቀለላል፣ ድንኳኑ ይታጠፋል፣ «እግዜር ይመስገን፣ በደህና ግቡ!» እየተባለ መኪናው አንድ በአንድ ወጣ። እነዚያ ባለ ልጆቹም መኪናቸው ተጎትቶ ሄደ። ረፋዱ ላይ ካምፑ ውስጥ የቀረነው ሁለታችን ነበርን። የኔም ስልክ የሰፈራችንን ፎቶ ይዞ ገብቶ ነበር፦ ጣሪያዬ አለ፣ ጣሪያቸውም አለ።

ቱቦዬን እየጠቀለልኩ ሳለ ሚስተር ደልበርት መጡ። ጢማቸውን ተላጭተዋል። ግራ ቀኝ ገላመጡ፤ ማንም አልነበረም።

«ትዊላ፣ መንገዱ ገና ነው አሉ።»

«ማን አለ?»

«አሉ» አሉኝ። «ድልድዩ ላይ ውሃ አለ አሉ።»

ይህ ሰው በሕይወቱ የተሳሳተ የመንገድ ወሬ ነግሮኝ አያውቅም። ድልድዩ ደህና መሆኑን ከእኔ በፊት እንደሚያውቁት ደግሞ አውቃለሁ። ዓይናቸውን ከእግራቸው አላነሱም፤ የሽማግሌ ውሸታም እንዴት አንጀት ይበላል! ቤቴን አሰብኩት። በሩን፣ ኮሪደሩን፣ ዝም ያለውን ወጥ ቤት። ስልኬን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

«እኔም ሰምቻለሁ» አልኩ። «እንዲያውም ብሶበታል አሉ።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ብሶበታል?»

«በጣም።»

«እንዲህ ከሆነማ መቸኮል ደግ አይደለም።»

«ኧረ አይደለም» አልኩና ቱቦውን መልሼ ገጠምኩ። ሁለት ወንበር አውጥቼ ጥላው ሥር አስቀመጥኩ።

«ነገስ ይከፈት ይሆን?» አልኳቸው።

«ነገማ» አሉ ሚስተር ደልበርት፣ ቀስ ብለው እየተቀመጡ፣ «ነገ እናያለን።»