ሰላምታ የተከለከለበት መንገድ

ትናንት ምሳ በልቼ ጋደም እንዳልኩ ሸለብ አደረገኝና ሕልም አየሁ። ዓለም ተገልብጣ ነበር፤ ሰዉም ድሮም እንዲህ እንደነበረች አድርጎ ይኖርባታል።

አስቀድሜ ለሕልሙ ምክንያት የሆነኝን ልንገራችሁ። የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። ጥሩምባ ነፊያችን ካረፉ ወዲህ መርዶም ሆነ የስብሰባ ጥሪ የምናስተላልፈው በስልክ ግሩፕ ነው። ግሩፑን የምናስተዳድረው እኔና ምክትል ዳኛችን ጋሽ ውብሸት ነን። ጎረቤቴ ፋንታዬ ወንድሟ ደምሰው ሞቶባት፣ በቀብሩ ማግስት ለቀባሪዎች ምስጋና ጽፋ ፎቶውን ግሩፑ ላይ ለጠፈች። ደምሰው መካኒክ ነበር፤ ፎቶው ላይ ቱታውን እንደለበሰ ይስቃል። ከሥሩ ጥቂት ሰዎች "ነፍስ ይማር" አሉ። ከዚያ አንዱ ብቅ ብሎ በሩ ላይ ቆሻሻ የሚጥለው ማን እንደሆነ ጠየቀ። ሌላው ሰደበው። ሌላው ደግሞ "መጠጥ ለገደለው ሰው ምን ይለቀሳል" ብሎ ጻፈ፤ ተከትለውት የሚስቁ ቢጫ ፊቶች ተደረደሩ። እኔ "ወገኖቼ፣ ይህ ለቅሶ ነው፤ እባካችሁ አፋችንን እንሰብስብ" ብዬ ጻፍኩና ለጋሽ ውብሸት ደወልኩላቸው። "ግድ የለም እትዬ አስካለ፣ እኔ አየዋለሁ፤ እርስዎ ከትናንት ጀምሮ ቆመዋል፣ ትንሽ ይረፉ" አሉኝ። አረፍኩ።

በሕልሜ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወደ ፋንታዬ ድንኳን ልሄድ ከቤት ወጣሁ። መንገዱ በሰው ተሞልቷል፤ የራሱን ፊት ይዞ የወጣ ግን የለም። አንዱ ፊቱ ላይ ጽጌረዳ አጥልቋል፣ አንዱ የእግር ኳስ ዋንጫ፣ አንዷ የሕፃን ልጅ ፎቶ።

"ጤና ይስጥልኝ" አልኩ እንደ ልማዴ።

ዋንጫው ወደ ኋላ ሸሸት አለ። ሕፃኗ አፏን በመዳፏ ከደነች። የአንበሳ ፊት ያጠለቀ ረጅም ሰው ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣

"ነጠላሽ ያስጠላል" አለኝ።

"ምን አድርጌህ ነው?"

"ምንም። ሳልፍ አየሁሽ።"

ሰዉ ሁሉ እፎይ አለና መንገዱን ቀጠለ። እኔ ገና ከመደንገጤ ሳልመለስ የትራፊክ ቆብ የደፋ አህያ በሁለት እግሩ ቆሞ ፊሽካ ነፋ።

"ሰላምታ የሰጠው ማን ነው?" አለ።

"እኔ ነኝ።"

"በአደባባይ?"

"በአደባባይ።"

"እትዬ፣ እዚህ እኮ ልጆች ይተላለፋሉ" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ጨዋነት የስልክ ነው። መንገድ ላይ ሰው ያመጣለትን ይናገራል። እዚያ ይመልከቱ።"

ወደ ጠቆመኝ አየሁ። ከአንድ ጥድ ሥር አንድ ጎልማሳ ጫማውን አውልቆ፣ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ አጎንብሷል። ከጎኑ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች ቆመዋል።

"ምን እየሆኑ ነው?" አልኩት።

"ሰውየው አንድ የተጻፈ ነገር አይቶ አልተስማማም። አለመስማማቱን ለመጻፍ ሽማግሌ ልኮ ነው።"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደ ስልኩ ጠጋ ብለው፣ "ከእግርዎ ሥር ወድቀናል። ልጃችን በሐሳብዎ ትንሽ ቅር ብሎታል። ቢፈቅዱለት አንዲት መስመር ይጽፋል" አሉ። ከስልኩ ውስጥ "ተነሡ፣ ኧረ በሞቴ ተነሡ፤ ይጻፍ፣ ደስ እንዳለው ይጻፍ" የሚል ድምፅ መጣ። ጎልማሳው ዕንባውን ጠረገና ጻፈ። ከዚያ ጫማውን አጥልቆ ቀና ሲል ሽማግሌዎቹን "ደነዞች" ብሏቸው ሄደ። እነሱም እርስ በርስ ተሰዳድበው ተለያዩ።

"አዩ?" አለኝ አህያው። "ሁሉም በቦታው ነው።"

"እኔ ለቅሶ ልደርስ ነው የምሄደው። ፋንታዬን እግዜር ያጽናሽ እላታለሁ።"

"በስልክ ይበሏት።"

"ድንኳኗ እኮ ከዚህ ይታያል።"

"ያን ቃል በአፍ መናገር ያስቀጣል።"

"እንግዲያው ብዬ እቀጣለሁ" አልኩትና ሄድኩ። ከኋላዬ ፊሽካውን ደጋግሞ ነፋ። ዞሬም አላየሁት።

የድንኳኑ በር ላይ አንዲት ትልቅ ዶሮ ተቀምጣለች። ላልፍ ስል ክንፏን ዘረጋችብኝ።

"በደንቡ ተስማምተዋል?"

"የምን ደንብ?"

"ማንም ምን ደንብ ብሎ አይጠይቅም። ተስማምቻለሁ ብሎ ይገባል።"

"እኔ ሳልሰማ አልስማማም። አንብቢልኝ።"

ዶሮዋ ተቸገረች። ከዚያ በቀስታ ብድግ አለች፤ ደንቡን እንደ እንቁላል ታቅፋው ኖሯል፣ ሞቋል። ራሷን አዘንብላ ማንበብ ጀመረች። "ፊት ለፊት የማትናገረውን አትጻፍ። ያዘነን ሰው አታስቆጣ። ያላየኸውን አይቻለሁ አትበል።" አቆመችና ደግማ አነበበችው።

"እንዲህ ነው እንዴ የሚለው?" አለች።

"አንቺም አታውቂውም?"

"እኔ ሥራዬ መታቀፍ ነው" አለችና ተመልሳ ተቀመጠችበት። ተስማምቻለሁ ብያት ገባሁ።

ውስጥ ወንበሮቹ ሁሉ ተገልብጠዋል። ሰዉ የወንበሮቹ እግር ላይ ተንጠልጥሎ ተቀምጧል። ጽጌረዳው እየሮጠ ገብቶ፣ "አንደኛ አልቃሽ እኔ ነኝ" ብሎ ሳያለቅስ ወጣ። ሌላው ተከትሎት "ሁለተኛ" አለ። አንዲት ሴት ጉልበቷ ላይ ጫማ ደርድራ "ዋጋውን በውስጥ መስመር" ትላለች። አንዱ ተነሥቶ "ማን እንደሞተ አላነበብኩም፤ ቢሆንም አልስማማም" ብሎ ተቀመጠ። ከወዲያ ጥግ "ቆሻሻውን የሚጥለው ሰው ይውጣ" የሚል ድምፅ ይሰማል። መሬቱ ላይ ድፎ ዳቦ የሚያካክሉ ቢጫ ፊቶች እየሳቁ ወደ ሬሳ ሳጥኑ ይንከባለላሉ።

ፋንታዬ ሳጥኑ አጠገብ ተቀምጣለች። ድንኳኑ ውስጥ ምንም ፊት ያላጠለቀች እሷ ብቻ ነበረች። ስለዚህ የተወረወረ ሁሉ እሷ ላይ ያርፋል።

ሳጥኑ ቀስ ብሎ ተከፈተና ደምሰው በቱታው ቁጭ አለ። እጁን በቆሸሸ ጨርቅ እየጠረገ፣

"ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ትንሽ ቀስ ብትሉ" አለ። "እህቴ ደክሟታል።"

"አንተ ደግሞ ማን ነህ?" አለው ከፊት ተቀምጦ የነበረው አንበሳ።

"ሟቹ ነኝ።"

"ማስረጃ አለህ?"

ደምሰው ኪሱን ዳበሰ። ከብሎን በቀር ያገኘው አልነበረም።

"ዛሬ ሁሉም እየተነሣ ሞቻለሁ ይላል" አለች ሕፃኗ።

"ምንጭህን ጥቀስ" አለው ዋንጫው።

ደምሰው ሰዉን ይቅርታ ጠየቀና ተመልሶ ተኛ። ክዳኑንም ድምፅ እንዳያሰማ ተጠንቅቆ ዘጋው። በዚያ ሁሉ ትርምስ ውስጥ እኔን ያስለቀሰኝ ያ ጥንቃቄው ነው።

"ፋንታዬ፣ መጣሁልሽ" አልኩ ጮክ ብዬ።

አንበሳው ጣቱን ቀሰረብኝ። "አገድኳት" አለ። ወዲያው ዓይኑ እኔን አልፎ ከኋላዬ ያለውን ምሰሶ ማየት ጀመረ። "እኔም አገድኳት" አለ ዋንጫው። ሕፃኗም፣ ጫማ ሻጯም ተከተሉ። ዋንጫው እጁን ሲዘረጋ በትከሻዬ ውስጥ አልፎ ሄደ። ብናገር የሚሰማኝ አጣሁ። ለአፍታ፣ የሞትኩት እኔ ነኝ እንዴ ብዬ ፈራሁ። ኋላ ግን ነገሩ ገባኝ፦ የማያየኝ ሰው ሊያቆመኝ አይችልም። ነጠላዬን ወገቤ ላይ ጠበቅ አድርጌ አሰርኩና መሀል ለመሀል ሰንጥቄያቸው ሄድኩ። በጫማ ሻጯ ውስጥ ሳልፍ አዲስ ቆዳ ሸተተኝ። ቢጫዎቹን ፊቶች በእግሬ ገፋ ገፋ አድርጌ ፋንታዬ አጠገብ ተቀመጥኩ።

"እግዜር ያጽናሽ እህቴ" አልኳት በአፌ።

እሷ አየችኝ። "እትዬ አስካለ፣ መጠጥ ነው የገደለው ይላሉ" አለችኝ። "ዓይኑን የከደንኩት እኔ ነኝ። ልቡ ነው የቆመው።"

"አውቃለሁ።"

"ምን ብዬ እንደምመልስላቸው ጠፋኝ።"

"አንቺ ምንም አትመልሺም። አንቺ አልቅሺ። የቀረው የኔ ሥራ ነው።"

ተነሣሁና ወደ አንበሳው ሄድኩ። አያየኝም፤ ወደ ፋንታዬ የሚወረውረውን ቃል እያዘጋጀ ያላምጣል። ጋማውን በሁለት እጄ ጨምድጄ ሳብኩት። ጠብቆ ነበር፤ እግሬን ከወንበሩ አስደግፌ እንደገና ሳብኩ። ፊቱ ተላቆ እጄ ላይ ቀረ። ከሥሩ የወጡት ጋሽ ውብሸት ነበሩ።

ጋሽ ውብሸትን የማያውቅ የሰፈራችን ሰው የለም። ለቅሶ ቤት ገብተው ለልጅ እንኳ ከወንበራቸው የሚነሡ፣ ዝናብ ላይ ቆመው የቤተሰቡን ደኅንነት አንድ በአንድ የሚጠይቁ ሰው ናቸው። ራቁታቸውን የተያዙ ይመስል አንገታቸውን ሰበሩ። ከዚያ ባርኔጣቸውን ከየት እንዳመጡት እንጃ፣ አነሡልኝ።

"እንደምን ዋሉ እትዬ አስካለ? ቤተሰብ ሰላም ነው?"

"እግዚአብሔር ይመስገን ጋሽ ውብሸት። አሁን ፋንታዬንም እንዲሁ ይበሏት።"

"ፊቴን ይመልሱልኝና እላታለሁ።"

"በራስዎ ፊት ነው የሚሏት።"

"እንዲህማ ሁሉም ያውቀኛል" አሉኝ በሹክሹክታ።

"እሷንም ሁሉም ያውቃታል። ግን ይኸው ተቀምጣለች።"

ጽጌረዳውም ዋንጫውም ፊታቸው እንዳይወሰድ በእጃቸው ይዘው ይጠብቃሉ። እኔም የአንበሳውን ፊት ብብቴ ሥር ሸጉጬ ቆምኩ፤ እስኪናገሩ ድረስ ከዚያ ላልነቃነቅ ቆርጫለሁ። ጋሽ ውብሸት ወደ ፋንታዬ ተራመዱ። ጎንበስ አሉ። አፋቸውን ከፈቱ። ከአፋቸው የወጣው ግን የሚንኳኳ በር ድምፅ ነበር።

ነቃሁ። በሬ ይንኳኳል።

ለመነሣት ስል ስልኬን አየት አደረግሁ። የእድሩ ግሩፕ የለም። "ከዚህ ግሩፕ ተወግደዋል" ይላል። በሩን ስከፍት ጋሽ ውብሸት ባርኔጣቸውን እጃቸው ላይ ይዘው ቆመዋል።

"እንደምን ዋሉ እትዬ አስካለ? ከእንቅልፍ ቀሰቀስኩዎ መሰለኝ፤ ይቅር ይበሉኝ።"

"ምንም አይደል። ግሩፑ ምን ነካው?"

"እሱን በስልክ መንገር ነውር ስለመሰለኝ ነው በእግሬ የመጣሁት" አሉ። "ያስወጣሁዎ እኔ ነኝ።"

"እኔን?"

"ጠቡ እንዲበርድ ብዬ ነው። ተሳዳቢዎቹ ብዙ ናቸው፤ እባካችሁ ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። ያን ሁሉ ሰው ማስቀየም ከበደኝ። እርስዎ ደግሞ ጨዋ ሰው ነዎት፣ ይረዱኛል ብዬ ነው።"

"ታዲያ በረደ?"

ስልካቸውን ከደረት ኪሳቸው አወጡና አዩት።

"አሁን ደግሞ ፋንታዬን አስወጣልን እያሉኝ ነው" አሉ። "ለቅሶዋ በዛ ብለው።"

ነጠላዬን ከሚስማሩ ላይ አወረድኩ። ጫማዬን አደረግሁ።

"ወዴት ነው?" አሉኝ።

"ወደ ድንኳኑ። አብረን ነው የምንሄደው ጋሽ ውብሸት። የሚያስወጧት ከሆነ ራስዎ ቁጭ ብለው ይንገሯት። በስልክ መንገር ነውር ነው ብለዋል።"

ጋሽ ውብሸት ባርኔጣቸውን ደፉ፣ መልሰው አወለቁ። እኔ በሬን ቆለፍኩና ክንዳቸውን ያዝኩ።